እናቴ ኢንሱሊን ለመግዛት ሁለት ቀን ትጓዛለች፤ ምን ይሻላል?

የቆላዋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ያለችው ደቡብ ወሎ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወርድ ቀበሌ ውስጥ ነው። ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ለግፊቷ ደግሞ ኪኒን ትውጣለች። ጤና ኬላው ከቤቷ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ጤና ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፣ ግን ኢንሱሊን አይዝም። ክትትሏ ወረዳው ከተማ ባለው ሆስፒታል ነው። እዚያ መድኃኒቱ ሲኖር ይኖራል፣ ሲጠፋ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ነው መልሱ። ውጭ ማለት ሁለት መድኃኒት ቤት ማለት ነው። እነሱም ከሌላቸው ደሴ ነው።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገራችሁ። ቀጠሮዋ ደርሶ ከእህቴ ልጅ ጋር በሌሊት ተነስታ ሄደች። ሆስፒታሉ ጨርሷል። አንደኛው መድኃኒት ቤት ተዘግቷል፣ ሌላኛው «መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ስለማይሠራ ኢንሱሊን ማምጣት ትተናል» አለ። እናቴ ዘመድ ቤት አደረች፣ ልጁ ደሴ ወረደ። ገዝቶ የተመለሰው በማግስቱ ማታ ነው፤ ሁለቱን ብልቃጥ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ከተሳፋሪ ጋር ተጨናንቆ። ትራንስፖርቱና አልጋው ከመድኃኒቱ ዋጋ በለጠ።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝን ያወቅኩት በኋላ ነው። ለካ እሷ ቀጠሮው ሳይደርስ እንደሚያልቅባት ገብቷት፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በግማሽ እየቀነሰች ስትወጋ ኖራለች። ስቆጣት «ቆጠብኩ እንጂ መቼ አቋረጥኩ» አለችኝ።

ጥያቄዎቼ፦ ቅርብ ቦታ የምታገኝበት መንገድ አለ? የሦስት ወሩን ባንዴ ገዝተን ያለ ፍሪጅ ማስቀመጥ ይቻላል? አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ «በሰው ልላክ» እያለ ነው። ምን ትላላችሁ?

ባለ ገንቦው

እህቴ፣ እማማን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የኔ አባት ቆቦ ገጠር ናቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት ኢንሱሊን ወግተዋል፣ ፍሪጅ የሚባል ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። እኛ ያደረግነው ይህን ነው። አንድ ሰፋ ያለ ገንቦና እሱ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ገንቦ ገዛን። በሁለቱ መሃል አሸዋ ሞላንበት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጪዋለሽ። ብልቃጡን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ አድርገሽ ትንሹ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጪና አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍኛለሽ። ቦታው ጥላ ይሁን፣ ነፋስ የሚያገኘው፤ ጓዳ ተዘግቶበት አይሠራም። ቴርሞሜትር ከትቼ አይቼዋለሁ፤ ቤቱ 33 ሲሆን ገንቦው ውስጥ 25 ነበር።

ይህ ግን ለተከፈተውና እየተወጉት ላለው ብልቃጥ ነው። ፍሪጅ ማለት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ገንቦ እዚያ አይደርስም። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ ሲረጥብ ደግሞ ገንቦውም ይሰንፋል። ኢንሱሊን ከፍሪጅ ወጥቶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ የሚቆየው፣ ቢከፈትም ባይከፈትም፣ በአብዛኛው አራት ሳምንት ያህል ነው። ብልቃጡ ያለበት ወረቀት ላይ የሱ ልክ ተጽፏል፣ እሱን እዪ። ስለዚህ የሦስት ወሩን ገንቦ ውስጥ ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም። የአንድ ወሩን እንጂ።

ልጁ ከደሴ ያመጣውንም ልብ በሉት። ደመናማው ዓይነት ከሆነ፣ መዳፍ ላይ ቀስ ብሎ ሲንከባለል ወጥ የሆነ ነጭ መሆን አለበት። የረጋ ጓል፣ ቅንጣት፣ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ በረዶ መሳይ ነገር ካለበት ይጣል። ጥርት ያለው ዓይነት ደግሞ ከደፈረሰ አይወጋም።

ሞላ ከኮምቦልቻ

እዚያው ቀበሌያችሁ የቅዳሜ ገበያ ላይ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ጠፍቶ ነው? እኛ አካባቢ ከስኳር ኪኒን እስከ መርፌ ሁሉ ይገኛል፣ በርካሽ። ለምን ደሴ ድረስ ትለፋላችሁ።

የጤና ጣቢያ ፋርማሲ

ሞላ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝና ይህን ምክር ለማንም አትስጥ። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኢንሱሊን ውኃ ነው። ሰውየው ከየት እንዳመጣው፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍበት፣ ከፍሪጅ ከወጣ ስንት ቀኑ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እንዲህ የሚሸጥ ካያችሁ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ ስልክ 8482 ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ። እኔ በሌላ ዞን ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስምንት ዓመቴ ነው። በመጀመሪያ እናትሽ መጠኑን በገዛ እጃቸው እንዳይቀንሱ ንገሪልኝ። ከፍተኛ ውኃ ጥም፣ የሽንት ብዛት፣ ማስታወክ፣ ድካምና ማንቀላፋት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል፣ ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ደውለው ይንገሩሽ።

ኢንሱሊኑ ጤና ጣቢያው ውስጥ ለምን እንደሌለ ልንገርሽ፣ መፍትሔውም እዚያው ስላለ። እኛ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የምናዘው በየሁለት ወሩ ነው። አር አር ኤፍ የምንለው ቅጽ አለ፣ የሪፖርትና የመጠየቂያ። ባለፉት ሁለት ወራት ስንት ወጣ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀረ ብለን እንሞላለን፣ ከዚያ ተሰልቶ እስከ አራት ወር የሚበቃ እንጠይቃለን። የሚያቀርብልን የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፣ ለእናንተ አካባቢ የደሴው ቅርንጫፍ መሆን አለበት። አሁን አስቢው፦ እናትሽ የሚወጉት ሆስፒታልና ደሴ የተገዛውን ነው። በጤና ጣቢያው ቅጽ ላይ የኢንሱሊን ወጪ ዜሮ ነው። ዜሮ ከወጣ ዜሮ ይጠየቃል። ባለሙያው ደግሞ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ታካሚው መኖሩን አያውቅም። ታካሚው ስለሌለ አይመጣም፣ ስለማይመጣ ታካሚው ርቆ ይሄዳል፣ ርቆ ስለሄደ እንደሌለ ይቆጠራል። ዓመታት እንዲሁ ይሽከረከራል።

ሌላም ልዩነት አለ። የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ መድኃኒቶች በፕሮግራም በነፃ ነው የሚመጡልን። ኢንሱሊንና የግፊት ኪኒን ግን ጤና ጣቢያው ከራሱ ተዘዋዋሪ ገንዘብ (መድኃኒት ሸጦ መልሶ ከሚገዛበት) አውጥቶ የሚገዛቸው ናቸው። ስለዚህ የፋርማሲው ኃላፊ የማይሸጥ ነገር ገዝቶ ጊዜው እንዳያልፍበት ይፈራል። እኔም እፈራለሁ፤ ባለፈው ዓመት ሠላሳ ብልቃጥ የሚሆን ሌላ መድኃኒት አስወግጄ ስንት ወረቀት ስፈርም ነው የዋልኩት።

ማድረግ ያለብሽ ይህ ነው። ከሆስፒታሉ ሐኪም፣ እናትሽ ክትትላቸውን በጤና ጣቢያ መቀጠል እንደሚችሉ የሚገልጽ የመልስ ሪፈር ወረቀት አስጽፊ። በሦስት በአራት ወር አንዴ ለምርመራ ሆስፒታል ይሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ከጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ከዚያ በአካባቢው ኢንሱሊን የሚወጉ ሌሎች ሰዎችን ፈልጉ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ለባለሙያው ይከብደዋል። አምስት ስድስት ሰው ሲሆን ግን ስም ዝርዝርና ወርኃዊ ፍጆታ ይዛችሁ ለጤና ጣቢያው ኃላፊና ለፋርማሲው መስጠት ትችላላችሁ። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት መድረስ አለበት፤ ካለፈ ሁለት ወር ትጠብቃላችሁ። ደሴ ቅርንጫፍ ራሱ ከጨረሰ «የለም» የሚል ማስረጃ ይሰጣል፣ በዚያ ማስረጃ ጤና ጣቢያው ከግል አከፋፋይ መግዛት ይችላል። ይህን «ማስረጃውን አምጥታችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

ዶ/ር አይደለሁም

ፋርማሲስቷ ያለችው ትክክል ነው፣ ግን የጤና ጣቢያው ፍሪጅ መብራት የሌለው ከሆነስ?

የጤና ጣቢያ ፋርማሲ

ያ ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የፋርማሲው ፍሪጅ ይሠራል ወይ ነው። የክትባቱ ፍሪጅ ብዙ ቦታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነው፣ ግን እሱ የፋርማሲው አይደለም።

የቀበሌ ኤክስቴንሽን

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ የዚያ አካባቢ አይደለሁም። እንደኛ ያሉት በአንድ ቀበሌ በአብዛኛው ሁለት ነን፣ የሰው ቁጥሩም ከሦስት እስከ አምስት ሺህ ነው። ቤት ለቤት ስለምንዞር ማን ምን እንዳመመው እናውቃለን። ስም ዝርዝሩን ከኛ ጠይቂ፤ ማን ኢንሱሊን እንደሚወጋ ከሐኪሙ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ለቀበሌያቸው ኤክስቴንሽን እናትሽ ራሳቸው ጎረቤት ይልኩላታል። አንቺም ደውዪላት፣ አታፍሪ። የክትባት ፍሪጁን በተመለከተ ግን ኬላ ላይ ያለውን በሌላ ነገር እንዳንከፍተው ነው የተነገረን። በእውነት በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ጤና ጣቢያው ላይ ግን ሁለተኛውን ያልተከፈተ ብልቃጥ በእናትሽ ስም ፋርማሲው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው፣ በየወሩ አንድ እንዲወስዱ ማድረግ ይቻላል። እኛ ቀበሌ ለአንድ አባት እንደዚህ ነው የምናደርገው። እሳቸውም ጋን ውኃ የተሸከሙ ያህል በጥንቃቄ ነው ይዘው የሚሄዱት።

ባለ መድኃኒት ቤት

እኔ በወረዳ ከተማ መድኃኒት ቤት አለኝ። ሁልጊዜ «ለምን ገጠር አትከፍቱም» ስለሚሉን ልመልስ። ሆስፒታል በር ላይ አምስት ስድስት መድኃኒት ቤት ጎን ለጎን ቆሞ የምታዩት ማዘዣው እዚያ ስለሚጻፍ ነው። ሐኪም የጻፈው ወረቀት ያለበት ቦታ ደንበኛ አለ። ቀበሌ ላይ ከፍቼ በሳምንት አንድ ገበያ ቀን ብቻ ሰው ቢመጣ፣ ቀሪውን ስድስት ቀን ለፋርማሲ ባለሙያ ደሞዝ ማን ይከፍላል? ባለሙያ ካልተቀጠረ ፈቃድ የለም። ፈቃዱም ደረጃ አለው፤ ፋርማሲ፣ መድኃኒት ቤት፣ የገጠር መድኃኒት ቤት፤ ወደ ታች ሲወርድ እንዲይዝ የተፈቀደለት ዝርዝር ያጥራል። ስለዚህ ሰውየው ቅርብ ያለው ሱቅ እንኳ የሚፈልገውን ላይይዝ ይችላል።

ኢንሱሊንን ለምን እንደምንሸሽ ደግሞ ልናገር፣ ስድብም ቢመጣ ልቀበል። ፍሪጅና መብራት ይጠይቃል። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ የምጥለው እኔ ነኝ። አከፋፋዩ ያለው ደሴና ኮምቦልቻ ነው፣ በበረዶ ሳጥን ጭኜ በራሴ ነው የማመጣው። አንድ ብልቃጥ ላይ የማገኘው ከአንድ እሽግ አንቲባዮቲክ ያንሳል። እናም «የለም» ስንል ያ ነው ውስጡ። ግን እህቴ፣ አንድ ነገር እችላለሁ፤ ብዙዎቻችን እንችላለን። የእናትሽን ስም፣ የኢንሱሊኑን ዓይነትና የሚያልቅበትን ቀን በደብተሬ ከያዝኩ፣ ለሌላ ዕቃ ደሴ ስወርድ አንድ ወይም ሁለት ብልቃጥ ብቻ አመጣለሁ። የሚሸጥ መሆኑን ካወቅሁ አልፈራም። እዚያ ያሉትን ሁለቱን ጠይቂያቸው፤ ቅድሚያ ግማሹን ክፈዪላቸው፣ ስልክሽን ስጪያቸው። ከመሄዷ በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ብቻ እንኳ የባለፈውን ጉዞ ያስቀር ነበር።

ዓለሙ ነኝ

ደውሎ ማረጋገጥ የሚለውን ደግሜ ላስምርበት። እኛ ሰዎች ለሠርግ ስንጠራራ ሃያ ጊዜ እንደዋወላለን፣ ለመድኃኒት ግን ዝም ብለን እንሄዳለን።

የመድን ነገር

እናትሽ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው? ከሆኑ ደሴ ላይ ከኪስ የከፈላችሁትን ዝም ብላችሁ አትተዉት። መድኑ የሚሠራው በቅደም ተከተል ነው፤ ከጤና ጣቢያ፣ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ሪፈሩን ዘልሎ ራስን ደሴ የወሰደ ሰው ክፍያው ላይሸፈን ይችላል። ወረዳዎች አንዳንዶቹ ከቀይ መስቀል ወይም ከማህበረሰብ መድኃኒት ቤት ጋር ውል አላቸው፣ አባሉ እዚያ ሄዶ ያለ ጥሬ ገንዘብ ይወስዳል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሆስፒታሉ ማዘዣው ጀርባ ላይ «የለም» ብሎ ማኅተም ከመታበት፣ በደረሰኝ የከፈልሽውን ይመልሳሉ። የናንተ ወረዳ የቱን እንደሚያደርግ ወረዳው የመድን ክፍል ይነግርሻል። ዋናው ግን ማኅተሙንና ደረሰኙን መያዝ ነው። ልጁ ደሴ ደረሰኝ ተቀብሎ ከሆነ አሁኑኑ ፈልጉት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)

ወንድምሽ በሰው ሊልክ ነው ያልሽው፣ እኔም ለአባቴ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ አልመክርም። አንደኛው ጊዜ ተጓዡ በጭነት ሻንጣው አስገብቶት በረዶ ሆኖ ደረሰ፣ ተጣለ። በእጅ ሻንጣ መሆን ነበረበት። ሁለተኛው ጊዜ ደህና ደረሰ፣ ግን እዚህ ሐኪሞች የሚጽፉት ዓይነት ሌላ ሆኖ፣ አባቴ እዚያ የለመዱትን መጠን ቢወጉበት ኖሮ ችግር ይሆን ነበር። ኢንሱሊን ዓይነቱ ሲለወጥ መጠኑም በሐኪም ነው የሚለወጠው። ገንዘቡን ይላክና እዚያው ይገዛ። መርፌና የስኳር መለኪያ ወረቀት ከሆነ ግን ይላክ፣ ያ አይበላሽም። መለኪያ ወረቀቱ ከመሣሪያዋ ዓይነት ጋር የሚገጥም መሆኑን ብቻ ያረጋግጥ።

ከርዕሱ ልውጣና፣ እዚህም ሰፈራችን ያለው ትልቅ መድኃኒት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው እናቶች ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ ነው መድኃኒት የሚያመጡት። የ90 ቀኑን ባንዴ በፖስታ ማስመጣት እንደሚችሉ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ያንን ልጆቻቸው ሞሉላቸውና አለቀ። አገር ቤትም ኪኒኑ ላይ ቢያንስ እንዲህ ቢደረግ።

የጤና ጣቢያ ፋርማሲ

ኪኒኑ ላይስ ይቻላል! ኢትዮጵያ ውስጥ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር ባንዴ ነው የሚሰጠው፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። አካሄዱ የሚታወቅ ነው ማለት ነው። ግፊቷ ከተስተካከለ፣ ኪኒኑን የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲጽፍላት ሐኪሙን ጠይቂው። ኪኒን ፍሪጅ አይፈልግም፣ ደረቅና ጥላ ቦታ ይበቃዋል። ያኔ በየወሩ የምትጠብቁት ኢንሱሊኑን ብቻ ይሆናል።

የቆላዋ ልጅ (ጠያቂ)

ይቅርታ፣ ከሁለት ወር በኋላ ነው የተመለስኩት፤ ምን እንደደረሰ እንድታውቁ ነው።

ኤክስቴንሽኗን ደወልኩላት። ሦስት ቀበሌ ከጓደኞቿ ጋር ተነጋግራ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰባት ሰዎች አገኘች፤ ሁለቱ እናቴ ቤት አጠገብ ናቸው፣ እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር። አንደኛው ሰውዬ «መርፌ ይወጋል» መባሉን ሰው እንዳይሰማበት ደብቆ ነበር የኖረው። ዝርዝሩን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን፣ ማለትም የእህቴ ልጅ ሄደ። የፋርማሲው ባለሙያ ወጣት ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። «ለአንድ ሰው አላዝም» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ። ሰባቱን ስም ሲያይ ግን ቅጹን የሚልክበት ጊዜ አምስት ቀን ብቻ እንደቀረው ነግሮ እዚያው መዘገበው። አሥር ብልቃጥ መጥቷል። ሲሪንጅ ግን አልመጣም፤ እሱን እኔ ከመርካቶ ገዝቼ በሹፌር ላክሁ።

ሐኪሙ የኪኒኑን የሦስት ወር አልጽፍም ብሎ፣ ሁለት ወር ጻፈ። እሱም ይበቃናል። የደሴውን ደረሰኝ አጥተነዋል፣ ልጁ ሱሪው ውስጥ ትቶት ታጥቦበት። መድኑ ጋ ስለዚያ መሄድ የለብኝም ማለት ነው፣ ለወደፊቱ ግን ማኅተም የሚባለውን አውቀነዋል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲበዛ ጤና ጣቢያው ሦስት ቀን መብራት አጥቶ፣ ባለሙያው የእናቴን ሁለተኛ ብልቃጥ «ውሰዷት፣ እዚህ ልትበላሽ ነው» ብሎ አስወሰዳት። አሁን ሁለቱም ገንቦው ውስጥ ናቸው። ጥሩ ነው?

ባለ ገንቦው

ያልተከፈተውም ከወጣ ጀምሮ አራት ሳምንቱን ቁጠሩለት። ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ብልቃጡ ላይ ለጥፉበት። መብራት ሲመለስ አትመልሱት። አንዴ ከወጣ መቁጠሩ አይቆምም፣ ባለሙያውም ይህን እንዲያውቅ ይነገረው። አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን ለመክፈት ጊዜው ካልበቃ፣ አጠገባችሁ ላሉት ለሁለቱ ሰዎች ትስጥላቸው፤ እነሱ ደግሞ በሚቀጥለው ከነሱ ድርሻ ይመልሱላታል። ዓይነቱ አንድ መሆኑን ግን ቀድሞ ባለሙያው ይይላችሁ።

የቆላዋ ልጅ (ጠያቂ)

እሺ፣ እነግራታለሁ። ገንቦውማ አሁን የሰፈሩ ወሬ ሆኗል። ትንሹ ገንቦ ጠላ ትጠምቅበት የነበረ ነው፣ ጎረቤቷ ጠዋት ጠዋት አሸዋ ላይ ውኃ ስታፈስ አይታ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ዘርተሽ ነው?» ብላ ጠይቃታለች።

የቀበሌ ኤክስቴንሽን

ለዚያች ጎረቤት ደግሞ ሽንቷ በዝቶ እንደሆነ ጠይቁልኝ። እኛ ቀበሌም ሦስተኛውን የስኳር ታካሚ ያገኘሁት ገንቦ ሊያይ መጥቶ ነው።